ኬላ ያላየው ስንዴ

ከዋድላ ወደ በጌምድር የሚሻገር ሰው ጨጨሆን ይወጣል። ግራ ቀኙ ገደል ነው፤ መንገዱ እየጠበበ ሄዶ በር ይሆናል፤ በሩን ያለፈ ጋይንት ገባ። ከዚያ በስተደቡብ ስማዳ አለ፤ አንድ ጎኑ ወደ ዓባይ፣ ሌላው ወደ በሽሎ የሚቆለቆል አገር። በስተምዕራብ ደግሞ ጉናን የተንተራሰው እስቴ ይሰፋል። የአፋር ጨው በሰቆጣ አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ይፋግና ወደ ጎንደር ሲጓጓዝ በዚህ ዙሪያ ያልፍ ነበር። በቅሎና አህያ ተሰልፎ የሚያልፍበት ጠባብ በር ባለበት ሁሉ ደግሞ የአገር ገዥ ኬላ ማቆሙ አይቀርም ነበር።

ሲራራ ነጋዴ ከኬላ ሲደርስ ጭነቱን ያራግፋል። ቀራጩ እየዞረ ያያል፦ ይህ ስንት አሞሌ ነው? ያ ቡና ነው ወይስ ሰም? የዚህች በቅሎ ጭነት ለምን ከበደ? የተጻፈ ተመን የለም፤ ደረሰኝ የለም። የሚከፈለውም ብዙ ጊዜ ከዕቃው ከራሱ ተነሥቶ ነው፤ ጨው የጫነ ጨው ትቶ ይሄዳል። ቀራጩ አበዛብኝ የሚል ነጋዴ ይለምናል፣ አማላጅ ይልካል፣ ካልሆነለትም ስንቁን እየበላ ሰንብቶ ይጠብቃል። ጉልበቱ በብዛቱ ነበር። ተሰባስቦና አለቃ መርጦ ይጓዛል፤ ከቀራጩ ጋር የሚሟገተው አለቃው ነው። ከፍ ባለው ደረጃ ላይ ግን ነጋድራሱ የነጋዴዎቹ አለቃም፣ የቀረጡ ሹምም ሆኖ ይገኝ ነበር። አንዱ ሰው ነጋዴውን ወክሎ ይከራከራል፤ ያው ሰው ፍርዱን ይሰጣል።

ያ ኬላ ሁለት ነገር ጠይቆ አያውቅም፤ ዕቃው የማን አገር እንደሆነና ለምን እንደረከሰ። የሚጠይቀው ማለፍህን ብቻ ነው። ስለዚህ የአገሬው ጨው ከውጭ ከመጣው ጨርቅ እኩል፣ እንዲያውም ብዙ በር ስለሚያልፍ ከዚያ በላይ ሲቀረጥ ኖሯል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አሞሌ ከሚቆረጥበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እንዴት እንደሚወጣ ጽፎ ትቷል። መንገዱ ረጅም ነው፤ አህያም ትሞታለች፤ ግን ከዋጋው ውስጥ የኬላዎቹ ድርሻ ቀላል አልነበረም።

ደብረ ታቦር የራስ ዓሊ ከተማ በነበረችበት ዘመን የቀረጥ ነገር በውል ወረቀት ላይ መጣ። እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውዴን እ.ኤ.አ. በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ራስ ዓሊ ከንግድ ወሬ ይልቅ ለፈረሳቸው ያደሉ እንደነበር የሚያሳየው የቆንስሉ የራሱ ዘገባ ነው። ውሉ ብዙም አልሠራም፤ ሐሳቡ ግን ቀረ፦ የውጭ ነጋዴ ስንት እንደሚከፍል አስቀድሞ ይወቅ። የጨው ነጋዴውን ያሰበ አንቀጽ አልነበረም።

እሱን ያሰቡት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ፕላውዴን እ.ኤ.አ. በ1855 ለአገሩ መንግሥት በላከው ዘገባ፣ ንጉሡ ቀረጥ በግዛታቸው ውስጥ በሦስት ቦታ ብቻ እንዲከፈል ማዘዛቸውን ጠቅሷል። የወታደርና የመሣሪያ ነገር ሁሉን ሸፍኖት ነው እንጂ፣ ከዘመነ መሳፍንት በኋላ ለነጋዴው ከተደረጉት ነገሮች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። ዕድሜው አጭር ሆነ። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋይንት በኩል እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲያዘግሙ፣ ለመድፍ የተጠረገው መንገድ ከእሳቸው በኋላ ለየአገሩ ገዥ ቀረ፤ ኬላውም ተመለሰ።

ከዚያ አቡጀዲ መጣ።

የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ይህ ያልነጣ ጥጥ ጨርቅ በዓደንና በጅቡቲ በኩል እየገባ ገበያውን ያዘ። ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ በ1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ ዘልቆ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረም፣ ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጨርቅ ነበር። በሰሜኑም ቢሆን ለድንኳን፣ ለሱሪ፣ ለመግነዝ አቡጀዲ ተለመደ። ስለዚህ ጊዜ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው «የውጭ ጨርቅ ሸማኔያችንን ገደለው» የሚል አጭር ፍርድ ነው። ነገሩ ወደ ውስጥ ሲታይ ግን ፍርዱ የሚገባው ለሌላ ሰው ነው።

ጋቢ ወይም ኩታ የሚሠራ ሸማኔ ድርና ማግ ያስፈልገዋል። ድሮ ሁለቱም ከቤት ይወጡ ነበር፤ ጥጡ ከቆላ ይመጣል፣ ሴቶች ይዳምጡታል፣ ይነድፉታል፣ በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ልቃቂት ሆኖ ለሸማኔ ይሰጣል። ድር ሊሆን የሚገባው ክር ጠንካራና እኩል መሆን ስላለበት ብዙ ቀን ይወስዳል። የፋብሪካ ክር በመጀመሪያ ከሕንድ፣ በኋላም ከሌላ ሌላ አገር ሲገባ ሸማኔው ደስ አለው፤ ድሩን ከገበያ ገዝቶ ማጉን ብቻ ከፈታይ መውሰድ ጀመረ። የማይበጠስ ድር ስላገኘ በሳምንት የሚያወጣው ጨርቅ በዛ። ከጥቅሙ የጎደለባት ድር ትፈትል የነበረችው ሴት ናት። የእሷ ስም በየትኛውም የቀረጥ መዝገብ አይገኝም፤ ሸማኔውም ስለእሷ አልጮኸም። አንድ የውጭ ዕቃ «የአገር ውስጥ አምራችን ጎዳ» ሲባል የትኛውን አምራች ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በ1953 ዓ.ም. የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከኢጣሊያ በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ ሥራ ሲጀምር ክር ከቅርብ ተገኘ፤ በመንግሥት ካሳ የቆመ ፋብሪካ ደግሞ በዛሬው የንግድ ሕግ ቋንቋ ድጎማ ያለበት ነው። የእስቴዋ ፈታይ ከቦምቤይ ብቻ ሳይሆን ከባሕር ዳርም ጋር ስትወዳደር ኖራለች ማለት ነው።

አቡጀዲው በገባበት ዘመን አዲስ አበባ የነበረው መንግሥት ቢፈልግ ኖሮስ በረከሰ የውጭ ዕቃ ላይ ቀረጥ መጨመር ይችል ነበር? አይችልም ነበር። በጥር 1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው የክሎቡኮቭስኪ ውል በገቢ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከዋጋው 10 በመቶ ላይ አሰረው። ሌሎቹ መንግሥታትም «ከሁሉ የበለጠ መብት ለተሰጠው አገር የተሰጠው ለኛም ይገባል» የሚል አንቀጽ በየውላቸው ስለነበራቸው፣ የፈረንሳይ ጣሪያ የሁሉም ጣሪያ ሆነ። ቀረጡን ለማሻሻል የሚፈልግ የኢትዮጵያ ሹም የውጭ መንግሥታት ሌጋሲዮኖችን በር ማንኳኳት ነበረበት።

ችግሩ ፈጦ የታየው በ1920ዎቹ ነው። ጃፓን በኅዳር 1923 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር ውል ተፈራረመች፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ቶኪዮ ሄደው የአገሩን ፋብሪካዎች አይተው ተመለሱ፤ ያዩትንም በመጽሐፍ አሳተሙ። በዚያው ዓመት ጃፓን ገንዘቧን ከወርቅ ልኬት ስታላቅቅ የየን ዋጋ ወረደ፤ የጃፓን ጥጥ ጨርቅም በየቦታው ረከሰ። በኢትዮጵያ ገበያ የአሜሪካን አቡጀዲ ከቦታው አፈናቀለው። እንግሊዝ፣ አሜሪካና ኢጣሊያ «ይህ ትክክለኛ ውድድር አይደለም» እያሉ አጉረመረሙ። ለገበሬው ግን አዲስ ሱሪ በቀነሰ ዋጋ ማለት ነበር። የተጎዳው አሜሪካዊ ፋብሪካ ነው፤ የተጠቀመው አገሬው ሸማች ነው፤ ቀረጥ ማስከፈል ያለበት መንግሥት በውል ታስሯል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ቀደም ብለው በ1923 ዓ.ም. የኤክሳይዝና የፍጆታ ግብር የሚባል ሕግ አውጥተው ነበር፤ ቀረጥ በሚል ስም ያልተቻለው በግብር ስም ይሞከር ተብሎ ነበር። ሌጋሲዮኖቹ ወዲያው ውሉ ተጣሰ ብለው ተነሡ።

ሌላው ዓለም በዚህ ጊዜ በድጎማ ለሚረክስ ዕቃ መንገድ መጥረግ ጀምሮ ነበር። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1899 ከጀርመንና ከኦስትሪያ በመንግሥት ድጎማ ተደግፎ በሚገባ የቀይ ሥር ስኳር ላይ የድጎማውን ያህል ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች። እ.ኤ.አ. በ1947 የጋት የንግድ ስምምነት ሲጻፍ ስድስተኛው አንቀጽ ይህን የማካካሻ ቀረጥ ፈቀደና ገደብ አበጀለት። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚሠራው የዓለም ንግድ ድርጅት የድጎማ ስምምነት ደግሞ ምርመራውን የሙግት ሥርዓት አደረገው። አቤቱታውን የሚያቀርቡት አምራቾች ከአገሪቱ ምርት ቢያንስ 25 በመቶውን የሚያመርቱ መሆን አለባቸው። ተከሳሹ መጠይቅ ደርሶት ለመመለስ ቢያንስ 30 ቀን አለው። ድጎማው ከዋጋው 1 በመቶ በታች ከሆነ ጉዳዩ ይዘጋል። መርማሪው ድጎማ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ጉዳት መድረሱን፣ ጉዳቱም ከሌላ ምክንያት ሳይሆን ከዚያ ዕቃ መምጣቱን ማሳየት አለበት። ምርመራው ቢበዛ በ18 ወር ያልቃል፤ ሸማቾችም ቃላቸውን የመስጠት ዕድል አላቸው። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው እማኝ የሚቆጥሩበትን ሙግት ለለመደ የጋይንት ሰው ይህ ሥርዓት ባዕድ አይሆንበትም፤ መጠይቁ የሚሞላበትን ሒሳብ መዝገብ ከየት እንደሚያመጣ ግን እንጃ።

ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በብዛት የገባው በድጎማ የተመረተ የውጭ ዕቃ ስንዴ ነው። ይህ ስንዴ በየትኛውም እንዲህ ባለ ምርመራ አላለፈም።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ‹ፐብሊክ ሎው 480› የተባለውን ሕግ ስታወጣ መነሻዋ የራሷ ጎተራ ነበር። መንግሥት ለገበሬዎቹ የዋጋ ድጋፍ ስለሚሰጥ ስንዴው ተትረፈረፈ፤ የተረፈውን ለወዳጅ አገር በብድር ወይም በእርዳታ ማውጣት ታሰበ። በዚያው ዓመት የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የትርፍ ምርት አወጋገድ መርሆችን አወጣ፤ የሚከታተል ኮሚቴም ዋሽንግተን ላይ ተቀመጠ። የኮሚቴው ዋነኛ ጭንቀት የእርዳታ ስንዴ የካናዳን፣ የአርጀንቲናን፣ የአውስትራሊያን የሽያጭ ገበያ እንዳይዘጋ ነበር። ተረጂው አገር በገንዘቡ ሲገዛ የኖረውን ያህል መግዛቱን እንዲቀጥል ግዴታ ይገባል። ስለተረጂው አገር ገበሬ የሚናገር ሐረግም መርሆቹ ውስጥ አለ፤ ጠበቃ የቆመለት ግን የሌላው ላኪ ገበያ ነው።

በደርግ ዘመን ይህ ስንዴ ሲመጣ የተገናኘው ከኬላ ጋር ነው። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ገበሬውን በቁርጥ ዋጋ ኮታ ያስገባዋል፤ እህል ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው በግል ጭኖ የሚያልፍ ነጋዴ ኬላ ላይ ይያዛል፤ ጭነቱም ይወረሳል። የጎጃም ጤፍ ዓባይን ተሻግሮ ስማዳ መግባት ሲከለከል፣ በቻይናዎች የተሠራው የወረታ–ወልዲያ መንገድ ግን ነፋስ መውጫን አቋርጦ የእርዳታ መኪና ያሳልፋል። የ1977ቱን ድርቅ ያየ ሰው ለዚያ መኪና ምስጋናው ብዙ ነው፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን በአንድ ኬላ ላይ የጎረቤት እህል ሲታገድ የባሕር ማዶው ሲያልፍ፣ ችጋሩ የዝናብ ጉዳይ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። የእህል ኬላው የተነሣው በየካቲት 1982 የቅይጥ ኢኮኖሚ አዋጅ ሲታወጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም መጣ። በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከታቀፉት ወረዳዎች ውስጥ ነበሩ። መሥራት የሚችል ሰው በወር አምስት ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠግናል፤ ለቀኑ ያኔ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ያገኝ ነበር። እህሉ ሲሰፈር ከረጢቱ ላይ ሁለት እጆች ሲጨባበጡ የሚያሳይ ምልክትና «ከአሜሪካ ሕዝብ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረ። ስንዴው ካለቀ በኋላ ከረጢቱ ጤፍ ይጫንበታል፣ ድንች ይሞላበታል፣ ተቀዶ ምንጣፍ ይሆናል። ሁሉም ስንዴ አይበላም፤ ጨው፣ ዘይት፣ የልጅ ደብተር ያስፈለገው ሰው ከራሽኑ ላይ ቆንጠር አድርጎ ገበያ ያወጣዋል። ጉና ሥር ስንዴና ገብስ የሚያመርተው ገበሬም በዚያው ቀን፣ በዚያው ገበያ ላይ ነው።

ተጎዳ? እዚህ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ለቸኳይ ሰው አይመቹም። አብዱላይ፣ ባሬትና ሆዲኖት እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያን ገጠር መረጃ መርምረው፣ እርዳታ የሚቀበሉና የማይቀበሉ ቤተሰቦች ላይ ላዩን ሲታዩ ልዩነት ያለ ቢመስልም፣ የቤተሰቡ ዕድሜ፣ መሬትና ጉልበት ሲነጻጸር «እርዳታ ገበሬውን አሰነፈው» የሚለው ክስ እንደማይቆም አሳዩ። ሌቪንሶንና ማክሚላን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 በኢትዮጵያ ስንዴ ከሚሸጡት ይልቅ የሚገዙት ቤቶች እንደሚበዙ፣ ገዢዎቹም ከሻጮቹ ድሃ እንደሆኑ አገኙ። የስንዴ ዋጋ መውረድ በአማካይ ድሃውን ይጠቅማል ማለት ነው። በስማዳ ቆላ ሰኔና ሐምሌን ከገበያ እየሸመተ የሚያልፍ ቤት ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም። ጥያቄው የሚጠበው ለሻጩ ነው፤ ከእርከን በላይ ያለችው የደጋ መሬቱ ስንዴ ብቻ የምታበቅልለት፣ ማዳበሪያ በብድር የወሰደና ብድሩን በጥር ገበያ የሚከፍል ሰው። አማካይ ቁጥር እሱን አይቆጥረውም። ድር ትፈትል እንደነበረችው ሴት ከመዝገቡ ውጭ ነው።

ምርመራ ጨርሶ አልነበረም ማለት ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ ምክር ቤት የቤልሞን ማሻሻያ የሚባለውን አንቀጽ አስገባ። የእርዳታ እህል ከመላኩ በፊት ተረጂው አገር የሚያስቀምጥበት መጋዘን መኖሩ፣ የአገሬውን ምርትም በብርቱ እንደማይጎዳ መረጋገጥ አለበት ይላል። ስለዚህ ለኢትዮጵያም የዋጋ ትንተና ሲሠራ፣ ባለሙያ ሲላክ፣ ሰነድ ሲጻፍ ኖሯል። ሥራው በቅንነት የተሠራም ይሆናል። ነገር ግን መርማሪው የሰጪው ነው፤ ጉዳት አለ ወይስ የለም ብሎ የሚወስነውም ሰጪው ነው። የጉናው ገበሬ እንደ አቤቱታ አቅራቢ አልተጠራም፤ ውሳኔው ቢከፋው ይግባኝ የሚልበት ችሎት የለም። ሰጪው ራሱ መርማሪ ሆኖ በሚቀመጥበት ምርመራና ነጋድራሱ ተከራካሪም ዳኛም በነበረበት ኬላ መካከል ያለው ልዩነት የወረቀቱ ብዛት ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥትም ከዚህ ነፃ አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የእህል ዋጋ ሲንር፣ በእህል ንግድ ድርጅት በኩል ከውጭ ስንዴ እየገዛ ከገበያ ዋጋ በታች ለዱቄት ፋብሪካዎች ሲሰጥ ቆይቷል። ታሳቢው የከተማው ዳቦ ነበር። እዚህ ድጎማውን የከፈለው የውጭ መንግሥት ስላልሆነ በማካካሻ ቀረጥ የሚያዝ ነገር የለም፤ የትኛውም የዓለም ንግድ ድርጅት አንቀጽ የአንድ አገር መንግሥት በራሱ ገበሬ ላይ የሚያደርገውን ፉክክር አይከለክልም።

የእርዳታ ስንዴ ወደ ገበያ መውጣቱን በግልጽ ያስመረመረው ሌላ ጉዳይ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. በትግራይ፣ ቀጥሎም በሌሎች ክልሎች የእርዳታ እህል ከተረጂው ተነጥቆ ወደ ገበያና ወደ ዱቄት ወፍጮ መሄዱ ተደረሰበት ተባለ። የአሜሪካ የልማት ተራድኦና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በሰኔ 2015 መጀመሪያ በመላ አገሪቱ ስርጭቱን አቆሙ፤ ወደ ቦታው የተመለሰው ከወራት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ነው። ሰረቀ የተባለው ሹምና ነጋዴ ምርመራው እስኪያልቅ ከቤቱ ሲበላ፣ በክረምቱ ያለ ራሽን የቀረው መዝገብ ላይ ስሙ ያለው ድሃ ነበር። በንግድ ሕጉ ቢሆን ጊዜያዊ እርምጃ ምርመራ በተጀመረ በ60 ቀን ውስጥ መውሰድ ክልክል ነው፤ ከተወሰደም ከአራት ወር አይበልጥም። ለነጋዴ የተሰጠው ጥበቃ ለተረጂ አልተሰጠም።

ኢትዮጵያ ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት ያመለከተችው በጥር 1995 ዓ.ም. ነው። አምስተኛው የድርድር ስብሰባ በመጋቢት 2017 ጄኔቫ ላይ ተደርጓል። አባል የሚሆን አገር ሁሉ በድርድሩ ሰነድ ውስጥ ስለማካካሻ ቀረጥ ሥርዓቱ የሚጠየቅበት ክፍል አለ፦ ሕጉ ምን ይላል፣ ማን ይመረምራል፣ ጉዳት በምን ይለካል? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው አዲስ አበባ ካለ ቢሮ ብቻ አይደለም። የአርብ ገበያና የመካነ ኢየሱስ ከተሞች ስንዴ በታኅሣሥ ስንት ተሸጠ፣ በሰኔ ስንት ገባ፣ ከዚያ ውስጥ የገበሬው የቱ፣ የከረጢቱ የቱ ነው የሚለውን በየሳምንቱ ጽፎ የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ የአምራቾችን ዋጋ ሲሰበስብ ብዙ ዘመኑ ነው፤ የእርዳታውን ስንዴ ከአገሬው ለይቶ የሚጽፍበት ዓምድ በቅጹ ላይ ከተጨመረ፣ አቤቱታ የሚያቀርብ ገበሬ የሚነሣበት ቁጥር ያገኛል።